ሦስት አሞሌ ለአንድ ሰው

ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የሚባል ፖርቱጋላዊ ቄስ ነበር፣ በ1520 ከፖርቱጋል መልክተኞች ጋር በምጽዋ በኩል ገብቶ እስከ 1526 እዚሁ የቆየ (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ ካልሆነ እኔም እናንተም ልንምታታ ነው)። ሰውዬው ላሊበላን አይቶ ያየሁትን ብጽፍ ማን ያምነኛል ብሎ በእግዚአብሔር ስም የማለውን ነገር ብዙ ሰው ያውቀዋል። እኔን ግን ያልለቀቀኝ ስለ ጨው የጻፈው ነው።

ያኔ አሞሌ ገንዘብ ነው መቼም። አልቫሬዝ ዋጋውን ከገበያ ገበያ እየተከታተለ ይጽፋል። ጨዉ የሚወጣበት ቦታ ላይ ለአንድ ድራም ወርቅ 120 ወይም 130 አሞሌ ይሰጣል። አንጎት ላይ ሲደርስ (አንጎት ማለት በግምት የዛሬው ሰሜን ወሎ፣ ራያ ምናምን ነው) ትንሽ ቀነስ ይላል፣ ከዛ ገበያ በተሻገረ ቁጥር እየቀነሰ እየቀነሰ ሄዶ ንጉሡ ሰፈር ሲደርስ ለዛችው ድራም 6 ወይም 7 ብቻ ነው፣ ክረምት ላይማ 5 ሆኖም አይቻለሁ ይላል። ከዛ ነጋዴው ወደ ዳሞት ሲሻገር በ3 ወይም በ4 አሞሌ ደህና ባሪያ ይገዛል። ከዛም አልፎ ባሪያው ራሱ ከሚመጣበት አገር ሲገባ ለአንድ ሰው አንድ አሞሌ።

እኔ ይሄን ሳነብ መጀመሪያ የሠራሁት ነገር ማካፈል ነው። ጨው ማውጫው ላይ አንድ ድራም ወርቅ የከፈለ ሰው 120 አሞሌ ጭኖ ይነሳል። በመንገድ የሚሟሟው የሚሰበረው፣ በየኬላው የሚቀረጠው፣ ለአጋሰሱና ለሰዉ ቀለብ የሚሄደው ባይኖር (ይኖራል፣ ብዙ ይኖራል) ዳሞት ሲደርስ በአራት በአራት ቢመነዝረው 30 ሰው ነው። አንድ ድራም ወርቅ ደሞ ጥቂት ግራም ናት'ኮ፣ ዛሬ ፒያሳ ወርቅ ቤት ብትገቡ ቀለል ያለች ቀለበት የምትመዝነውን ያህል።

እና ይሄ መንገድ በየት ነው የሚያልፈው ብትሉኝ በኛው በወሎዎቹ በር ነው። ጨዉ ከአፋር በረሃ ይቆረጣል፣ አርሆ የሚወርዱ ደገኞች በግመልና በአህያ ያወጡታል፣ በአንጎት በኩል ወደ ቤተ አማራ (ማለትም ወደዛሬው ደቡብ ወሎ) ይወርዳል፣ ከዛ አባይን ተሻግሮ ወደያኔው ዳሞት። አስተውላችሁ ከሆነ ጨው ከቆላ ወደ ደጋና ወደ ምዕራብ በሄደ ቁጥር ይወደዳል፣ ሰው ደሞ በተቃራኒው ከምዕራብና ከደቡብ ተነስቶ ወደ ባሕር በቀረበ ቁጥር ይወደዳል። ስለዚ ነጋዴው ሲሄድም ሲመለስም ያተርፋል፣ ባዶ እጁን የሚሄድበት መንገድ የለውም። ጨው ሲወጣ ሰው ይወርዳል። ይሄን አልቫሬዝ በዚህ መልኩ አልጻፈውም፣ ዋጋዎቹን ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው ግን የምታዩት ይሄንኑ ነው።

ይሄን ሁሉ የምዘበዝበው ወድጄ አይደለም። የትምህርት ቤት የታሪክ መጽሐፋችን የዓለም ንግድ የሚለው ምዕራፍ ላይ ሲደርስ ኮሎምበስ፣ ቫስኮ ዳ ጋማ፣ የአትላንቲክ ባሪያ ንግድ፣ ከዛ ቅኝ ግዛት ብሎ ይሄዳል፣ ከዛ ለብቻው ሌላ ምዕራፍ ከፍቶ ኢትዮጵያ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ይላል። ሁለቱ ምዕራፎች አይተዋወቁም። ልጅ ሆኜ ዓለም እዛ ማዶ የሆነ ነገር ሲሠራ እኛ እዚህ ተራራ ላይ ቁጭ ብለን ግራኝና ልብነ ድንግል ብቻ ሲዋጉ የነበረ ነበር የሚመስለኝ። እና ብዙ ሰው አሁንም እንደዛ ነው የሚያስበው፣ በተለይ ባርነት ሲነሳ፣ እሱ የነጮች ጉዳይ ነው፣ እኛ ቅኝ አልተገዛን፣ እኛ ምን አገባን ይባላል።

የእናቴ አባት ሲራራ ነጋዴ ነበሩ። ከደጋው እህልና ቅቤ ይዘው ወደ ባቲ ይወርዱና ጨውና አቡጀዲ ይዘው ይመለሳሉ፣ የኛ ቤት ታሪክ ይሄን ያህል ነው። የእናቴ ወገን እስላም ነው የአባቴ ክርስቲያን፣ ወሎ ውስጥ ይሄ ብርቅ አይደለም፣ እና ሁለቱም ወገን ስለዚ ጉዳይ ሲወራ እጁን ታጥቦ ነው የሚቀርበው። ሕጉ ራሱ እጅ የሚያስታጥብ ነበር። ፍትሐ ነገሥቱ ክርስቲያን ባሪያ እንዲይዝ ይፈቅድለታል፣ መነገድ ግን አልተፈቀደለትም። ስለዚ ዘመቻ ሄዶ የሚማርከው፣ የሚያገለግለው፣ ግብሩንና ቀረጡን የሚበላው ክርስቲያኑ መኳንንት ሊሆን ይችላል፣ ገበያ ላይ አውጥቶ ወደ ባሕር የሚያወርደው ደሞ ብዙውን ጊዜ እስላሙ ነጋዴ ነው። አንዱ እኔ አልሸጥኩም ይላል፣ ሌላው እኔ አልማረክሁም ይላል። ሰውየው ግን ተሽጧል።

ጦርነቱን ደሞ ጨምሩበት። ኢማም አህመድ በ1529 ሽምብራ ኩሬ ላይ አሸንፎ በ1531 ቤተ አማራ ሲገባ መካነ ሥላሴ ደረሰ፣ ያ አጼ ናዖድ ጀምረውት ልጃቸው ልብነ ድንግል የጨረሰው በወርቅ የተለበጠ ቤተክርስቲያን። የኢማሙ ታሪክ ጸሐፊ ዐረብ ፋቂህ ሲያወራው ኢማሙ ገብቶ አይቶ ተደንቆ አብረውት የነበሩትን ዐረቦች በሮምም በህንድም እንዲህ ያለ ቤት አለ ወይ ብሎ ጠየቃቸው፣ የለም አሉት። ከዛ ተቃጠለ። እኔ እዚች ጋ ሁሌ የሚገርመኝ ጥያቄው ነው፣ ደቡብ ወሎ ተራራ ላይ ቆሞ ስለ ሮምና ስለ ህንድ የሚጠይቅ ሰው፣ የሚመልሱለት ደሞ ባሕር ተሻግረው የመጡ ሰዎች። ተዘግተን ነበር የሚለው ነገር እዚሁ ላይ ያበቃል። አስር ዓመት ሳይሞላ ደሞ ነገሩ የባሰ ዓለም አቀፍ ሆነ፣ በ1541 ክሪስቶቮ ዳ ጋማ (የቫስኮ ልጅ ነው) 400 ጠመንጃ ያዥ ፖርቱጋሎች ይዞ በምጽዋ ገባ፣ ኢማሙ ደሞ የመን ዘቢድ ካለው የኦቶማን (የቱርክ) ፓሻ 900 ያህል ነፍጠኛና መድፍ አስመጣ፣ በ1542 አሸንጌ አጠገብ ወፍላ ላይ ተገናኙና ክሪስቶቮ ተማርኮ ተገደለ። ጎዋን በ1510፣ ማላካን በ1511፣ ሆርሙዝን በ1515 የያዘው የፖርቱጋል መንግሥትና ግብጽን በ1517 የዋጠው የኦቶማን መንግሥት የቀይ ባሕርን ንግድ ማን ይያዘው ብለው የተጋጩት አንዱ ጦር ሜዳ እኛ ጋ ነበር ማለት ነው። የተማረከው ሰው ደሞ፣ ከሁለቱም ወገን፣ መጨረሻው ገበያ ነው።

ወደ ገበያው እንሂድ። ከዚህ አካባቢ ወርዶ ባሕር ከተሻገረው ሰው መሀል አንዱ ስሙ ቀርቷል። ማሊክ አምባር። በ1548 አካባቢ ነው የተወለደው፣ ከደቡብ ከከምባታ አካባቢ እንደሆነ ይነገራል፣ የልጅነት ስሙ ቻፑ ነበር ይባላል። ልጅ ሆኖ ተሸጠ፣ የመን ሞካ ደረሰ፣ ባግዳድ ደረሰ፣ እዛ ሚር ቃሲም የሚባል ነጋዴ ገዝቶ አስተማረውና አምባር ብሎ ሰየመው፣ ከዛ ህንድ ወስዶ ደቡብ ህንድ ደካን ላይ አህመድናጋር ለሚባለው መንግሥት ዋና ሹም ሸጠው። አሁን እዚች ጋ ቆም በሉ፣ ይሄ የገዛው ዋና ሹም ጨንጊዝ ካን ራሱ ሐበሻ ነበር፣ ራሱም ተሽጦ የመጣ። ጌታው ሲሞት ሚስትየው አምባርን ነጻ አወጣችው፣ እሱም ተቀጣሪ ወታደር ሆኖ ጀመረ፣ ቀስ በቀስ የራሱን ፈረሰኛ ሰበሰበ፣ ሙጋሎች (ሰሜን ህንድን ይገዙ የነበሩት) በ1600 የአህመድናጋርን ምሽግ ሲይዙ እሱ እጅ አልሰጥም ብሎ የንጉሡን ዘር አንድ ልጅ ፈልጎ ዙፋን ላይ አስቀመጠና አገሩን እሱ ያስተዳድር ጀመር። በ1610 ካድኪ የምትባል ከተማ መሠረተ፣ በኋላ አውራንጋባድ የተባለችውን። የመሬት ግብሩን አስተካከለ። በሌሊት እየወጣ በገደል እየሸመቀ የሙጋልን ትልቅ ጦር እንቅልፍ ነሳው።

ጃሃንጊር (የአክባር ልጅ፣ የሙጋሉ ንጉሥ) ከመናደዱ ብዛት ሠዓሊ አስጠርቶ ራሱን ቀስት ይዞ፣ የአምባርን የተቆረጠ ጭንቅላት በጦር ጫፍ ላይ ተሰክቶ ሲወጋው አድርጎ አሣለ። በህይወት ሊያሸንፈው አልቻለማ፣ በቀለም ወጋው። አምባር በ1626 ወደ ሰማንያ ሲጠጋ ራሱ ሞቶ ተቀበረ፣ መቃብሩ አሁንም ኩልዳባድ አለ።

ይሄን ታሪክ ለሰው ስነግር ሁልጊዜ የሚመጣ መልስ አለ፣ “አየህ፣ የምሥራቁ ባርነት እንደ አሜሪካው አልነበረም፣ ሰው ይነሳበት ነበር” የሚል። ልክም ነው ልክም አይደለም። ልክ የሆነው እንዲህ ነው፣ ደካን ላይ ሐበሻ ወታደር የሚፈለገው ዘመድ ስለሌለው ነው፣ ዘመድ የሌለው ሰው ለጌታው ብቻ ያድራል ተብሎ ይታሰባል፣ ስለዚ ጦር ይሰጠዋል፣ ጦር የተሰጠው ሰው ደሞ አንድ ቀን ራሱ ጌታ ይሆናል። ሥርዓቱ መውጫ ነበረው። ልክ ያልሆነው ደሞ አምባርን አይቶ ሌላውን መርሳት ነው። በቀይ ባሕር በኩል ከወጡት አብዛኞቹ ሴቶችና ልጆች ነበሩ፣ ለቤት ሥራ፣ ለእቁባትነት፣ ወንዶቹ ልጆች ደሞ ተሰልበው ለቤተመንግሥት ጠባቂነት የሚሸጡ ነበሩባቸው፣ ከስለባው የሚተርፈው ተርፎ። ለነሱ ከተማ አልተመሠረተላቸውም፣ ሥዕልም የለም። አንድ የተሳካለትን ሰው ይዞ ሥርዓቱ ደህና ነበር ማለት ከአንድ ሎተሪ የወጣለት ሰው ተነስቶ ሎተሪ ደህና ኢንቨስትመንት ነው እንደማለት ነው።

ግን አትላንቲኩ በእውነት ሌላ ነገር ነው፣ ለምን ሌላ እንደሆነ ነው ሰው የማይነግራችሁ። ጭካኔ ብቻ ነው እንዳልል ጭካኔ እኛም ጋ ሞልቷል። ልዩነቱ ያለው ስኳሩ ላይ ነው።

ሸንኮራ አገዳ ከተቆረጠ በኋላ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ካልተጨመቀ ይበላሻል። ስለዚ የስኳር እርሻ ግማሹ እርሻ ግማሹ ፋብሪካ ነው፣ በአዝመራ ወቅት ወፍጮው ቀንና ሌሊት ይዞራል፣ ምድጃው አይጠፋም፣ ሰዉ በፈረቃ ይሠራል። ፖርቱጋሎች ይሄን መጀመሪያ ማዴይራና ሳኦቶሜ ደሴት ላይ ሞከሩት፣ ከዛ ብራዚል ወሰዱት። እንግሊዞች በ1640ዎቹ ካሪቢያን ያለችው ባርቤዶስ ደሴት ላይ ጀመሩ፣ መጀመሪያ ላይ ከአገራቸው ለተወሰኑ ዓመታት በኮንትራት የታሰሩ ድሃ ነጮችን ነበር የሚያሠሩት፣ ትርፉ ሲጥማቸው አፍሪካውያንን ማምጣት ጀመሩና በ1661 ባሪያን የሚመለከት ሙሉ ሕግ አወጡ። እዚህ ሥርዓት ውስጥ የባሪያ ልጅ ባሪያ ነው፣ መለያው ደሞ ቆዳው ላይ ነው ያለው፣ ሐይማኖት ብትቀይርም ቋንቋ ብትለምድም አትወጣም። ማሊክ አምባር ባርቤዶስ ተሸጦ ቢሆን ኖሮ አገዳ ሲቆርጥ ሞቶ ስሙን ማንም አያውቀውም ነበር። በሦስት መቶ ስልሳ ምናምን ዓመት ውስጥ 12.5 ሚሊየን ያህል ሰው አፍሪካ ዳርቻ ላይ መርከብ ላይ ተጫነ፣ 10.7 ሚሊየን ያህሉ ማዶ ደረሰ። መሀል ላይ ያለው 1.8 ሚሊየን ባሕር ውስጥ ነው። ከደረሱት ውስጥ ወደ 5 ሚሊየን የሚጠጋው ብራዚል ብቻ ነው የገባው።

አሁን የራሴን ሐሳብ ልናገር፣ የተለየ አስተያየት ያለው ይኖራል። እኛ ጋ ሁዳድ የሚባል ነገር ነበር፣ ገበሬው ከራሱ መሬት ሌላ የጌታውን መሬት ወጥቶ ያርሳል ያጭዳል ይወቃል፣ ያለ ክፍያ። ግብሩ በእህል በማር በጨው ለብቻው አለ። ከባድ ነው፣ ገበሬው ይሰደድ ነበር ከክብደቱ። ግን የሁዳዱ እህል የት ነው የሚሄደው? ጌታው ግብር ያገባበታል፣ ወታደሩን ያበላበታል፣ ለቤተክርስቲያንና ለሸሁ ይሰጣል፣ የቀረው ጎተራ ውስጥ ነቀዝ ይበላዋል። ከዛ በላይ ቢያሳርስ ምን ያደርግበታል? ሆድ የሆነ ቦታ ላይ ይጠግባል። የስኳሩ ጌታ ግን ስኳሩን አይበላውም። ለንደን ይልከዋል፣ አምስተርዳም ይልከዋል፣ እዛ የሚጠጣው ሻይና ቡና በየዓመቱ ይጨምራል፣ ብድር አለበት፣ ሼር የገዙ ሰዎች ትርፍ ይጠብቃሉ። ስለዚ በቃ የሚባል ቀን የለም። ባርነት ድሮም ነበረ፣ ንግድም ድሮም ነበረ፣ ሁለቱን ማቆሚያ በሌለው ገበያ አንድ ላይ ሲያስሯቸው ነው ነገሩ ሌላ የሆነው።

ለዚህ ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ የሚመስለኝ ፖቶሲ ነው። ዛሬ ቦሊቪያ ውስጥ ያለች ከተማ ናት፣ ከፍታዋ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ከኛ አቡነ ዮሴፍ አናት ዝቅ ብትል ትንሽ ነው። በ1545 እዛ ተራራ ላይ ብር ተገኘ። እና ስፔኖች ከመምጣታቸው በፊት ኢንካዎች ሚታ የሚሉት ሥርዓት ነበራቸው፣ ሰው ተራ በተራ እየወጣ ለመንግሥት መንገድ የሚሠራበት፣ እርሻ የሚያርስበት፣ መንግሥትም ሲያሠራው የሚቀልበው። ሁዳዳችንን በጣም ይመስላል። በ1573 ፍራንሲስኮ ዴ ቶሌዶ የሚባለው የስፔን እንደራሴ ይሄንኑ ስም ይሄንኑ ሥርዓት ወስዶ ወደ ማዕድን አዞረው፣ ከአሥራ ምናምን አውራጃ ከሰባት ወንድ አንዱ በየዓመቱ ወደ ፖቶሲ እንዲወጣ፣ በዓመት ወደ 13 ሺህ ሰው። ከነሚስቱ ከነልጁ ከነላማው ሳምንታት ተጉዞ ይመጣል፣ ድንጋዩን በጀርባው አዝሎ በመሰላል ከጉድጓድ ያወጣል፣ ብሩ የሚጣራበት ሜርኩሪ ደሞ የሚመጣበት ሁዋንካቬሊካ የሚባለው ጉድጓድ ራሱ ሌላ መግደያ ነው። ትንሽ ክፍያ ነበረው፣ የማይበቃ። ጥሪው እስከ 1812 ድረስ ቆየ። ሕዝቡ ያው፣ ተራው ያው፣ ስሙ ያው፣ የተቀየረው ምርቱ የሚሄድበት ቦታ ብቻ ነው።

ብሩ የት ሄደ? ግማሹ ስፔን፣ ከ1571 ጀምሮ ደሞ ከሜክሲኮ በመርከብ ማኒላ፣ ከማኒላ ቻይና፣ ምክንያቱም ቻይና ግብሩን በብር መሰብሰብ ጀምሮ ነበር። ከፊሉ ደሞ ወደኛው ሰፈር መጣ። አውሮፓውያኑ ሞካ ላይ ቡና ለመግዛት የሚሸጡት ነገር ስላልነበራቸው በስፔን ብር ነበር የሚከፍሉት። ማለትም ቦሊቪያ ተራራ ውስጥ የተቆፈረ ብር ከኛ ማዶ ባሕሩ ዳር የመን ላይ የቡና ዋጋ ነበር። የኛ ጠገራ ብር የማሪያ ቴሬዛው ትንሽ ቆይቶ የመጣ ነው፣ የኦስትሪያ ነው፣ ንግሥቲቱ በሞተችበት በ1780 ዓመቱ ቆሞ ቀርቶ ከዛ በኋላም በዛው ዓመት ሲታተም የኖረ። ነጋዴው ያቺን መልክ ካላየ አይቀበልም። ምኒልክ በ1894 የራሳቸውን ብር አሳትመው እንኳ ጠገራዋን ከገበያ ማስወጣት ከብዷቸው ነበር። ባቲ ገበያ አሁንም አንገታቸው ላይ ደርድረዋት የሚወርዱ ሴቶች ታያላችሁ፣ ቱሪስት ፎቶ ያነሳታል። በነገራችን ላይ ድልሁ ውስጥ ያለው በርበሬም፣ እሸት የምንጠብሰው በቆሎም ከአሜሪካ የመጡት በዚሁ ዘመን መርከብ ነው፣ ግን ስለምግብ ከጀመርኩ አልጨርስም።

ቡናውን ግን ሳላነሳ አልሄድም፣ ወሎዬ ሆኜ።

ወሎ ውስጥ ቡና ምን እንደሆነ ለወሎዬ አልነግርም፣ ለሌላው ልንገር፣ አቦል ቶና በረካ ተብሎ፣ ጭሱ ተጭሶ፣ ዱዓ ተደርጎበት፣ ሰው ተመራርቆ የሚጠጣ ነገር ነው። ደገኛው ክርስቲያን እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ ቡናን የእስላም ነው ብሎ አይነካውም ነበር፣ የእናቴ ወገን ሲጠጣ የአባቴ ወገን ከማዶ ሲያይ ነበር ማለት ነው። ይሄው ፍሬ የመን ተሻግሮ፣ ከየመን ደሞ ሆላንዶች በ1690ዎቹ ጃቫ ወስደው ተከሉት። እዛ እርሻ ገዝተው ሠራተኛ ቀጥረው እንዳይመስላችሁ። የየአካባቢውን ባላባት ይዘው ገበሬው ይሄን ያህል ቡና ይትከል፣ ለኛ ብቻ ያስረክብ፣ ዋጋውን እኛ እንወስናለን አሉ። ገበሬው በቦታው ነው፣ ባላባቱም የድሮው ነው፣ ላይ ላዩን ሲታይ የተነካ ነገር የለም። ይሄን ያደረገው የሆላንዶቹ የምሥራቅ ህንድ ካምፓኒ በ1602 የተቋቋመ የአክሲዮን ድርጅት ነው፣ በ1621 ደሞ ባንዳ ደሴቶች ላይ ገውዝ ለኛ ብቻ አልሸጡም ብሎ 15 ሺህ ከሚገመተው ሕዝብ አንድ ሺህ ያህል ብቻ እስኪቀር የጨረሰው ይሄው ካምፓኒ ነው። ከባንዳ ጋር ሲተያይ የጃቫው ለስላሳ ይመስላል። እኔ ግን የበለጠ የሚያስፈራኝ የጃቫው ነው፣ ምክንያቱም ገባር ሥርዓት ባለበት አገር ሁሉ ሊሠራ የሚችል ነው፣ ባላባት ያለበት ቦታ በሙሉ።

ፈረንሳዮች ደሞ ቡናውን ካሪቢያን ወስደው ሳንዶማንግ፣ የዛሬዋ ሄይቲ ላይ ተከሉ። በ1780ዎቹ የዓለምን ቡና ግማሽ ያህል የምታመርተው ያቺ የደሴቲቱን ሲሶ ያህል የያዘች ቅኝ ግዛት ነበረች፣ የሚያመርተው ደሞ ወደ 500 ሺህ የሚጠጋ ባሪያ። ስኳሩ ሜዳው ላይ፣ ቡናው ተራራው ላይ። ወሎ ውስጥ ጀማዓ ተቀምጦ ዱዓ የሚያደርግበት ነገር ከባሕር ማዶ ሰው የሚሞትበት ሆኗል፣ ሁለቱ ስለመኖራቸውም አይተዋወቁም። በነሐሴ 1791 ባሪያዎቹ ተነሱ፣ እርሻውን አቃጠሉ፣ ናፖሊዮን የላከውን ጦር ሳይቀር አሸንፈው በ1804 ነጻ አገር ሆኑ። ስለ ዓድዋ የምናወራውን ሩብ ያህል ስለነሱ ብናወራ ደስ ይለኝ ነበር። ገበያው ግን ቡና አላጣም፣ ወደ ብራዚል ዞረ፣ እዛም ባርነት እስከ 1888 አልቀረም።

እኛ ጋስ? በ1923 የመንግሥታቱ ማኅበር ስንገባ ባርነትን እናስቀራለን ብለን ነው የገባነው፣ በ1924 አዋጅ ወጣ፣ በ1931 ሌላ ወጣ፣ ጭራሽ የከለከለው የመጣው በ1942 ነው። ከብራዚል ሃምሳ አራት ዓመት በኋላ። አልቫሬዝ ዋጋውን ከጻፈው ደሞ አራት መቶ ዓመት አልፎ፣ ከደጋው በአውሳ በኩል ታጁራ የሚወርደው መንገድ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ጨው ብቻ አልነበረም የሚተላለፍበት።

1942 ላይ የእናቴ አባት ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሲራራ ይነግዳሉ። ስለዚ ባለፈው ባቲ ላለው አጎቴ ደወልኩለት። ሰላምታው ካለቀ በኋላ (ወሎ ነው፣ ቶሎ አያልቅም) “ጋሼ፣ አያቴ ከጨውና ከአቡጀዲ ሌላ የሚጭኑት ነገር ነበር እንዴ?” አልኩ። ዝም አለ። “ምን ልትል ነው?” አለኝ። ስለ ባሪያ ንግድ እየጻፍኩ እንደሆነ ነገርኩት።

“አንተ ደሞ! አባቴ አላህን የሚፈሩ ሰው ነበሩ። እሱ የኛ ሥራ አልነበረም፣ ያን ሲነግዱ የነበሩት ማዶ ያሉት ናቸው” አለና ማዶ ያሉትን በስም በስም ቆጠረልኝ። ከተቆጠሩት ቤቶች አንዱን አውቀዋለሁ፣ ልጃቸው ኮምቦልቻ አብሮኝ ተምሯል። እሱንም ደወልኩለትና ጠየቅኩት፣ እየሳቀ “የናንተ ሰዎች አልነበሩም እንዴ?” አለኝ።